አንድ ዓመት ያልሞላው ደም

ሶፋ ሠሪው ደም ልስጥ ብሎ የተነሣው እሱ ራሱ ከቀዶ ሕክምና አልጋ በወረደ በሦስተኛ ወሩ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጠዋት በብስክሌት ወደ ሥራው ሲሄድ የጭነት መኪና ከኋላ ገጨው። ሐኪም ቤት ሲደርስ ጣፊያው ተሰንጥቆ ሆዱ በደም ተሞልቶ ነበር። ጣፊያውን አወጡለት፤ ሦስት ከረጢት ደም ሰጡት። ሲነቃ ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል፣ «የማን ደም ነው?» የሚል ነበር።

«የሰው ነዋ!» አሉት።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሰው ባየ ቁጥር «ይሄ ይሆን? ይህቺ ትሆን?» ማለት ሥራው ሆነ። ደንበኛ ሱቁ መጥቶ ስለ ስፖንጅ ውፍረት ሲከራከረው እንኳ፣ «ማን ያውቃል፣ በውስጤ የሚዞረው የዚህ ሰውዬ ደም ይሆናል» እያለ ዝም ይል ጀመር። ታላቅ እህቱ ይህን ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች።

«ሂድና አንተም ለሌላው ስጥ፤ ያኔ ይቀልልሃል» አለችው።

እህቱ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶትም ከተማሪዎቿ ለይታ አታየውም።

በማግስቱ እጅጌውን ከመንገድ ጀምሮ እስከ ትከሻው ጠቅልሎ ደም ባንክ ገባ። አዳራሹ ውስጥ ስምንት የደም መስጫ አልጋዎች ተደርድረዋል። በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ኋላ አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ነርስ ተቀምጣለች። ክንዱን አይታ ፈገግ አለች።

«ቀስ በል ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጥያቄ አለ።»

ጥያቄውን ስትጠይቅ ወረቀቱን አታይም፤ በቃሏ ታውቀዋለች። የምታየው የሰውየውን ዓይን ነው። ሶፋ ሠሪው ሰው እንዲህ አድርጎ አይቶት አያውቅምና ስለ ወባ ስትጠይቀው እንኳ ላብ አጠመቀው።

«ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ቀዶ ሕክምና አድርገሃል?»

«አድርጌያለሁ። ጣፊያዬ ወጥቷል።»

«ደምስ ተሰጥቶሃል?»

«ሦስት ከረጢት! እሱን ልመልስ አይደል የመጣሁት?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ደም የተሰጠው ሰው አንድ ዓመት ይጠብቃል። ሦስቱ ሄዶልሃል፤ ዘጠኝ ወር ቀረህ።»

«ዘጠኝ ወር? ሲስተር፣ በዘጠኝ ወር እኮ ሰው ተረግዞ ይወለዳል!»

«እንግዲያው ስትወለድ ና።»

ሳቀ። ሲስቅ የተሰፋበት ቦታ ቆነጠጠውና ጎኑን ያዘ። እሷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቁም ነገሩን አስረዳችው። በደም የሚተላለፍ በሽታ አንዳንዴ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ ምርመራው የሚያገኘው ዘግይቶ ነው። «ማሽኑ ሁሉን አያይም። ስለዚህ እኛ የሰውን ቃል እንጠይቃለን። ቃሉ ከዋሸ ደሙም ዋሸ ማለት ነው» አለችው።

ሶፋ ሠሪው ተነሥቶ ሊወጣ ሲል ዓይኑ አልጋዎቹ ላይ ወደቀ። ሌዘራቸው ተቀዳዷል፤ አንዱ ጋ ስፖንጁ ተጎልጉሎ ወጥቷል። ለሥራው ያለው ፍቅር ዝም አላሰኘውም።

«ሲስተር፣ ደሜን ካልፈለጋችሁ እጄን ውሰዱ። እነዚህን አልጋዎች አድሼ ላልብሳችሁ?»

*

አዳራሹ ባዶ መሆን ስለማይችል በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አንድ አልጋ ሊያድስ ተስማማ። መዶሻውን፣ መቀሱንና ወፍራም መርፌውን ይዞ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ጥግ ይዞ ያረጀውን ይገፍፋል፣ አዲሱን ይወጥራል። ሥራው የአንድ ሰዓት ተኩል ነው። እሱ ግን አራት ሰዓት ይፈጅበታል።

ነርሷ ሥራ ሲቀዘቅዝ በርጩማዋን እየሳበች አጠገቡ ትቀመጥ ጀመር። ሰባት ዓመት እዚህ ሠርታለች። መርፌ ፈርቶ እጇን ስለነከሳት ጎረምሳ ታወራለታለች፤ እሱም ደንበኞቹ ሶፋ ውስጥ ምን ምን እንደሚያገኝ ይነግራታል፦ ማበጠሪያ፣ የልጅ ጥርስ፣ አንድ ጊዜማ ያልተከፈተ የፍቅር ደብዳቤ።

«ያልተከፈተ? ምን አደረግከው?»

«ለባለ ሶፋዋ ሰጠኋት። ስድሳ ዓመት የሚሆናት ሴትዮ ናት። አንብባ ስትጨርስ፣ ‹ይሄ ሞኝ፣ በአፉ አይናገርም ኖሯል?› አለች።»

ነርሷ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይን ዓይኑን አየችው። እሱ መርፌውን ሦስት ጊዜ እዚያው ቀዳዳ ላይ ወጋ።

ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ሌላው ቀን ሁሉ ለሶፋ ሠሪው መጠበቂያ ሆነ። እንደሚወዳት ሊነግራት ግን አልደፈረም። «አልጋው ይለቅ፣ ከዚያ እነግራታለሁ» ይላል። አልጋው ያልቃል፣ ሌላ አልጋ ይጀምራል።

ሁለተኛውን አልጋ በጨረሰባት ቅዳሜ ዋናተኛው መጣ።

*

ዋናተኛው በከተማው መዋኛ ገንዳ ዋና የሚያስተምር፣ ቁመቱ ከበሩ ጋር የሚከራከር፣ ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ ሰው ነው። በየሦስት ወሩ ሳያሰልስ ደም ይሰጣል። በደም ባንኩ ስሙ የሰጠበት ቁጥር ነው። የዚያን ዕለት ገና ከበር ሲገባ ሠራተኛው ሁሉ፣ «ሃያ ሁለት መጣ!» ብሎ ተቀበለው።

ነርሷም ከመቀመጫዋ ተነሣች። ሶፋ ሠሪው መዶሻውን እንዳነሣ ቀረ። ለእሱ ተነሥታ አታውቅም።

«የት ጠፋህ? ሁለት ቀን አሳልፈሃል» አለችው ጢሙ ከገንዳው ውኃ ገና ያልደረቀውን ዋናተኛ።

«ቆጥረሽ ነው እንዴ? እንዲህ መሆኑን ባውቅ ሳምንት እቆይ ነበር» አለ።

ሳቀች። ሶፋ ሠሪው ያንን ሳቅ በደንብ መረመረው። ለእሱ ከምትስቀው ይረዝማል? አይረዝምም? በመጨረሻው ላይ ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች፤ ለእኔም ዘንበል ታደርጋለች ወይስ አታደርግም? እንደ ልብስ ሰፊ ሁለቱን ሳቅ ጎን ለጎን አድርጎ ሲለካ ጣቱን በመዶሻ መታ።

ዋናተኛው ከስምንቱ አልጋ መርጦ አዲስ የለበሰው ላይ ተንጋለለ። ወዲያና ወዲህ ተንፈራጠጠበት። «እንዴት ይመቻል! ማነው የሠራው?» አለ። እሷ በጣቷ ወደ ሶፋ ሠሪው አመለከተች። ዋናተኛው እጁን አውለበለበለት። ከልቡ ነው። ሶፋ ሠሪው ይህ ሰው ክፉ ቢሆን ምንኛ በወደደ! ክፉ ግን አልነበረም፤ ይህም የባሰ አናደደው።

የዋናተኛው የክንድ ደም ሥር እንደ ገመድ ተገትሯል። ነርሷ መርፌውን ስታስገባ፣ «ሁሉም ሰው እንዳንተ ቢሆን ሥራዬ ምን ነበረበት?» ስትል ተሰማ።

ቤቱ ገብቶ ራት አልበላም። እህቱ አየችው።

«ማን መታህ?»

«ማንም አልመታኝም፣ እትዬ። ቆሽቴ ነው ያረረው።»

«ጣፊያህን ሲያወጡ ቆሽትህንም አብረው ቢያወጡልህ ይሻል ነበር» አለች እህቱ። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጣ፣ «ስሟን ንገረኝ» አለችው።

ነገራት። እህቱም ለልጅቱ ንገራት አለችው። እሱ ግን እንዲህ ብሎ መለሰላት፦ «ምን ይዤ? እሱ ሃያ ሁለት ጊዜ ሰጥቷል። እኔ ሦስት ከረጢት ወስጄ ምንም ያልሰጠሁ ሰው ነኝ።»

*

ቅናት እንዲህ ናት፤ አንዴ ከገባች ቤቱን ሁሉ ታስሳለች። ነርሷ አንድ ቅዳሜ፣ «ዋና ልማር ነው፤ ልጅ ሆኜ ወንዝ ሊወስደኝ ነበርና እስከ ዛሬ ውኃ እፈራለሁ» ስትለው፣ «ማን ነው የሚያስተምርሽ?» ብሎ እንኳ አልጠየቃትም። ያውቃል። በአንድ እሑድ እግረ መንገዴን ብሎ፣ ግን እግረ መንገዱ በፍጹም ባልሆነ ጎዳና፣ በመዋኛው በር አለፈ። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆማ ነበር። ፀጉሯ ርሷል። ዋናተኛው ፎጣዋን ይዞላት አጠገቧ ቆሟል። የሚነጋገሩትን አልሰማም። ዋናተኛው እንደ ዋናተኛ እጁን እያወዛወዘ ሲያሳያት፣ እሷም ስትደግምለት፣ ሁለቱም ሲስቁ ግን አየ።

ዓይኑ ደም ለበሰ። ያላዩት መስሎት ተመልሶ ሄደ። የዚያን ሳምንት አንድ ሙሉ ሶፋ በተሳሳተ ቀለም አልብሶ ከደንበኛ ተጣላ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። አጠገቡ ስትቀመጥ አጭር አጭር ይመልስላታል።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«ጎንህን አመመህ?»

«እኔን ተይኝ። ዋናው እንዴት ነው?»

«አሁን መንሳፈፍ ችያለሁ» አለች ፊቷ በርቶ። ፊቷ ስለ በራ ደግሞ እሱ ጨለመ። በርጩማዋን ይዛ ተነሣች።

ከቀዶ ሕክምናው ስድስት ወር ተኩል ሲሆነው ሁለት አውቶቡሶች ተጋጩ። ሐኪም ቤቶቹ ደም አነሳቸው፤ ደም ባንኩም ቅዳሜ ከሰዓት አደባባዩ ላይ ድንኳን ተክሎ ሕዝቡን ተጣራ። ሶፋ ሠሪው የሄደው ሊያግዝ ነበር፤ አልጋ ሊያወርድ፣ ሰው ሊያሰልፍ። ይህን ያህል እውነት አለው።

ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ዋናተኛው ተጋድሟል። ሃያ ሦስተኛው ነው። ነርሷ ጎንበስ ብላ ፕላስተር ትቆርጣለች። ዋናተኛው ሶፋ ሠሪውን ሲያይ በደስታ ጮኸ፦

«ሶፋ ሠሪው! ና እንጂ! እኛ እንስጥ፣ አንተ አልብስ!»

ለጨዋታ ነው ያለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች። ያቺ ፈገግታ እንደ ወስፌ ወጋችው።

ቀጥ ብሎ ወደ መዝጋቢዋ ሄደና ተቀመጠ። መዝጋቢዋ ሥራ ከጀመረች ወር ያልሞላት ተለማማጅ ናት።

«ቀዶ ሕክምና አድርገዋል?» አለችው።

«ስድስት ወር አልፎኛል።»

«ደም ተሰጥቶዎታል?»

«አልተሰጠኝም።»

ተለማማጇ ቀና ብላ አየችው። «እርስዎ የአልጋው ሰው አይደሉም? አንድ ዓመት ይጠብቃል ሲባል የሰማሁ መሰለኝ» አለችና ነርሷን ጠራቻት።

ነርሷ ጓንቷን እያወለቀች መጣች። ፊት ለፊቱ ቆመች። «ምንድን ነው የምሰማው?»

መመለስ ይችል ነበር። «ተሳስቼ ነው» ብሎ መሣቅና መሄድ ይችል ነበር። ከትከሻዋ በላይ ግን ዋናተኛው ይታየዋል፤ መዳፉ ውስጥ ያለችውን የላስቲክ ኳስ እየጨመቀ፣ ከረጢቱ እየሞላለት።

«መዝገብ ተቀያይሮ ኖሯል» አለ። «ሦስቱ ከረጢት የሌላ በሽተኛ ነው፤ ለእኔ ደም አልተሰጠም። ሐኪሜ ነው የነገረኝ። ለቀዶ ሕክምናው ብቻ ከሆነ ስድስት ወር ይበቃሃል አለኝ።»

«ወረቀት ሰጥቶሃል?»

«ሰኞ አመጣለሁ።»

ዓይን ዓይኑን አየችው። ረጅም ጊዜ። እሱም ሳይሰብር አያት፤ ይህን እንዴት እንደ ቻለ በኋላ ባስታወሰው ቁጥር ያፍራል። ከውጭ ሰልፉ ይንጫጫል፤ የሐኪም ቤቱ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል።

«እውነት?»

«እውነት።»

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችና ወረቀቱ ላይ ስሟን ፈረመችለት። ፈገግታዋ ያን ጊዜ ሌላ ነበር፤ ለማንም ስትሰጠው አይቶ አያውቅም። ለተለማማጇም፣ «እኔ አውቀዋለሁ» አለቻት።

ከዋናተኛው ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ተጋደመ። የራሱን ከረጢትና የዋናተኛውን ከረጢት እያፈራረቀ ሲያይ ቆየ። የዋናተኛው ቀድሞ ሞላ። በዚህም ቀና።

*

እሑድ ጠዋት እህቱ ቁርስ ስታቀርብ በክንዱ መታጠፊያ ላይ ያለውን ፕላስተር አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ደም ሰጠሁ።»

«ዓመቱ ሞላ?»

ፕላስተሩን በመዳፉ ሸፈነ። እህቱ ሻዩን አስቀምጣ ከፊቱ ተቀመጠች። ሃያ ዓመት ሙሉ ጥፋተኛ ሕፃናትን ስታናግር የኖረች ሴት ናት፤ መቆጣት አያስፈልጋትም።

«ንገረኝ» አለች።

ነገራት። ድንኳኑን፣ ዋናተኛውን፣ ፊርማውን። እህቱ እስከ መጨረሻው ሰማችውና አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀች፦

«አሁን ያ ደም የት ነው ያለው?»

ሶፋ ሠሪው እስከዚያች ቅጽበት ስለ ደሙ አላሰበም ነበር። ስለ ፈገግታዋ ሲያስብ ነው ያደረው። ያን ጊዜ ግን የራሱ ሦስት ከረጢቶች ታዩት። ሦስቱ ሰዎች ተጠይቀዋል፤ ሦስቱም ዓይን ዓይን እየታዩ እውነቱን ተናግረዋል። እሱ በሕይወት የተረፈው በዚህ ነው። ሻዩን ሳይጠጣ ተነሣ። ብስክሌቱን ከአደጋው ወዲህ ነክቶት አያውቅም፤ የዚያን ጠዋት ግን ወጣበት።

ደም ባንኩ በአደጋው ምክንያት ክፍት ነበር። ነርሷና ኃላፊው ሐኪም፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ከማቀዝቀዣው ክፍል በር ላይ ቆመው ከረጢቶቹን በዝርዝር ያስወጣሉ። እያለከለከ ደረሰ።

«ደሜን እንዳትሰጡ!» አለ። «ዋሽቻለሁ። ሦስቱ ከረጢት የእኔ ነው።»

ሐኪሙ ምንም አልጠየቁም። ቁጥሩን ፈልገው አገኙት። ከረጢቱ በረዶ ባለው ሣጥን ውስጥ ገብቶ ክዳኑ ሊገጠም ነው። ወደ እናቶች ክፍል ይሄድ ነበር፤ ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ላላት ሴት። ሐኪሙ አውጥተው ሌላ ተኩ። ከዚያ ወደ ሶፋ ሠሪው ዞር ብለው፣ «ምርመራው ንጹሕ ነው ብሎ ነበር» አሉት። «ምናልባትም ንጹሕ ነው። ምናልባት ብዬ ግን እናት ላይ አልሰቅልም።» ነርሷንም አዩአት። «ያለ ወረቀት የፈረምሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«እሷ ምን አጠፋች? እኔ ነኝ የዋሸኋት!» አለ ሶፋ ሠሪው።

«ሕጉን የምታውቀው እሷ ናት፤ አንተ አይደለህም» አሉና ገቡ።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ለምን?»

«ቀናሁ።»

«በማን?»

«በዋናተኛው። ስለምወድሽ።»

ይህን ቃል ወራት ሙሉ ሲያባብለው ኖሯል። እንዲህ ባለ ቀን ይወጣል ብሎ አላሰበም።

«ሰባት ዓመት ሰው ስጠይቅ አንድ ቀን ያለ ወረቀት ፈርሜ አላውቅም» አለች በቀስታ። «ላንተ ፈረምኩ። ለምን እንደሆነ ጠይቀኸኛል? አልጠየቅክም። ፎጣ የያዘልኝን ሰው ስትቆጥር ነበር።»

ፎጣውን እንዳየ ማወቋ አስደነገጠው።

«በመዋኛው በር ስትሾልክ አይቼሃለሁ» አለችው። «የቀሩትን ሁለት አልጋዎች ሌላ ሰው ይሠራቸዋል። ሂድ።»

*

ለሦስት ወር ነርሷን ከጥያቄ ጠረጴዛው አንሥተው ኋላ ክፍል ወረቀት ስትለጥፍ አዋሏት። ይህን የሰማው ከተለማማጇ ነው። ቅጣቷ ወደ እሱ እንዲዞር ለሐኪሙ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሐኪሙ መልስ አልሰጡም። ለእሷም ጻፈ፤ ሦስት ገጽ። አነበበውና «ስለ እኔ ብቻ ነው የሚያወራው» ብሎ ቀደደው። በቦታው አንድ መስመር ላከ፦ «ይቅርታ አድርጊልኝ፤ መልስ አልጠብቅም።»

መልስ አልመጣም። ሠርቶ ይገባል፣ እህቱ ታበላዋለች። ቅናቱም አልሄደም። ማታ ማታ «አሁን ዋና ሙሉ በሙሉ ችላለች፤ አሁን ጥልቁ ጋ ይገባሉ» እያለ ራሱን ይበላል። አንዳንዴ ደግሞ ያልተጠራበትን ሠርጋቸውን በዓይነ ኅሊናው ያያል፤ ዋናተኛው ሱፍ ለብሶ፣ ትከሻው አልገባ ብሎ።

ከቀዶ ሕክምናው አሥር ወር ሲሆነው አንድ ቀን የሱቁን በር የሚሞላ ሰው ገባ። ዋናተኛው ነው።

«ሶፋ ላሠራ አይደለም የመጣሁት» አለ። ግን ሄዶ አንዱ ሶፋ ላይ ተቀመጠ፤ ሶፋው አቃሰተ። «ስማ ወንድሜ። ጠየቅኳት።»

የሶፋ ሠሪው እጅ ከስፖንጁ ላይ ቀረ።

«ላግባሽ አልኳት። ‹ጥሩ ሰው ነህ፤ እኔ ግን በሌላ ሰው ተቀይሜ ነው ያለሁት› አለችኝ። ‹መቀየምና ማግባት ምን አገናኘው?› አልኳት። ‹አራት ወር ሙሉ ስቀየመው እየዋልኩ ለሌላ ምን ጊዜ አለኝ?› አለችኝ።» ዋናተኛው ጉልበቱን መታ። «ትምህርቱንም አቁማለች፤ መዋኘት ስለቻለች። እውነቱን ልንገርህ? እኔም ስቀናብህ ነበር። ‹ሶፋ ሠሪው እንዲህ አለ፣ ሶፋ ሠሪው ሶፋ ውስጥ ጥርስ አገኘ› ሲባል ነው ዋና ያስተማርኩት። በውኃ ውስጥም ታወራ ነበር!»

ሶፋ ሠሪው መቀመጫ ፈልጎ ከፊቱ ተቀመጠ። ሁለቱ ቀናተኞች ለጥቂት ጊዜ ተያዩ።

«ለምን ነገርከኝ?» አለው።

«እኔ እንጃ» አለ ዋናተኛው። «ልንገርህ አልንገርህ እያልኩ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ብትሄድ ደስ አይለኝም። ባትሄድ ግን እሷ ትጎዳለች።» ተነሣና ከበሩ ላይ ዞሮ፣ «ቶሎ ሂድ» አለ።

ሶፋ ሠሪው ግን ቶሎ አልሄደም። እህቱ እንኳ ገርሟት፣ «ምን ትጠብቃለህ? ልብህ እስኪፈነዳ?» ስትለው፣ «ዓመቱ ይሙላ፣ እትዬ። ከዚያ በፊት ብሄድ እንደገና ሕጉን ለመዝለል የመጣሁ ነው የሚመስላት» አላት። እነዚያ ሁለት ወራት ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ አመሙት።

*

ዓመቱ በሞላ በማግስቱ ጠዋት ደም ባንኩ በር ላይ ቆመ። እጅጌውን አልጠቀለለም። እሷ ከጠረጴዛዋ ኋላ ነበረች፤ መልሰዋታል። ስታየው አልተነሣችም፣ አልሳቀችምም። ወንበሩን አሳየችው።

ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጠየቀችው። አንዱንም አልዘለለችም። ዓይን ዓይኑን እያየች።

«ቀዶ ሕክምና?»

«ጣፊያዬ ወጥቷል። ትናንት ዓመት ሞላው።» ከሐኪም ቤቱ የተጻፈውን ወረቀት አወጣ፤ ማኅተም ያለበት፣ ሦስቱ ከረጢት የተመዘገበበት።

«ከዚህ በፊት ደም ሰጥተህ ታውቃለህ?»

«አንድ ጊዜ። ተደፋ። እኔ ነኝ ያስደፋሁት።»

እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆመ። «ይሄኛው ጥያቄ ወረቀቱ ላይ የለም» አለች። «አሁንም ትቀናለህ?»

አይ ማለት በጣም ቀላል ነበር።

«እቀናለሁ» አለ። «ከእኔ በፊት በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይን ዓይኑን ያየሽው ሰው ላይ ሁሉ እቀናለሁ። ተለማማጇም ላይ። ግን ከእንግዲህ ስቀና ለአንቺ እነግርሻለሁ እንጂ አልዋሽም።»

ራሷን አጎነበሰች። ቀና ስትል ዓይኖቿ ውኃ ሞልተዋል፤ ከንፈሯ ግን ለሳቅ ይታገላታል። «ግፊትህ ከፍ ብሏል» አለች፣ ገና ሳትለካው።

ደሙን ራሷ ቀዳችለት። መርፌውን ስትነቅል ጥጡን በጣቷ ተጭና ከሚያስፈልገው በላይ ቆየች። ከዚያ ጭማቂ ሰጥታ ጥግ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ሰጪ ሁሉ አሥራ አምስት ደቂቃ ማረፍ አለበት። ጓንቷን አውልቃ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

ጭማቂውን ሳይጨርስ፣ «ታገቢኛለሽ?» አላት።

ነርሷ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች።

«ደም የሰጠ ሰው አሥራ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው የተናገረው አይያዝበትም። ያዞረዋል» አለች።

«አላዞረኝም።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። ጭማቂህን ጠጣ።»

ጠጣ። ሰጪዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ተለማማጇ በጠረጴዛው ላይ ተተክታ ትጠይቃለች፤ ዓይኗን ከወረቀቱ አንሥታ መጠየቅ ለምዳለች። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው የሰዓቱን ረጅም ቆጣሪ ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ «አራት ደቂቃ ቀረህ» አለችው። በጎን ሲያያት እጇ ጉልበቷ ላይ ነው። ያዘው። አልከለከለችውም።

ቆጣሪው ቦታው ላይ ደረሰ። ነርሷ ወንበሯን አዙራ ፊት ለፊቱ ሆነች፤ ዓይን ዓይኑንም አየችው።

«በል» አለች። «አሁን ጠይቀኝ።»

ጠየቃት። ልክ እንደ እሱ፣ አንድም ቃል ሳታስረዝም፣ እሺ አለችው።